ከቃለ ጉባኤው የቀረ

እነዋሪ፣ ቅዳሜ፣ ከገበያው ማዶ፣
አዳራሹ ሞልቷል፣ በሩ ተበርግዶ።
የጅሩ ሰው ጫማ መረሬውን ይዞ፣
ወለሉ ጠቁሯል ጭቃ ተጎዝጉዞ።
እኔ ከጥግ ወንበር፣ ከመድረኩ በታች፣
የማዘጋጃዋ ጸሐፊ በለጠች፣
መዝገቡን ገልጬ ቀንና ሰዓት ጻፍኩበት፣
«የዘር አዋጅ» ብዬ ከሥር አሰመርኩበት።

ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዛሬ የምክር ቤት ሰው፣
መምህር አጥናፉ፣ ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣
በክረምቱ ዕረፍት ሊያዩን ተመልሰው፣
ከመድረኩ ወጡ ግንባራቸውን አብሰው።
ስለ ምርጥ ዘር ጥቅም፣ ስለ ጥራት ማኅተም፣
ስለ «ዓለም አቀፍ ልምድ» ተናገሩ በጣም።
ድምፁ የሳቸው ነው፤ ቃሉ ግን የሰው ነው፣
እንደ ውሰት ካፖርት ትከሻው የሰፋው።

አያ ጓንጉል ተነሡ፣ ቁናቸውን ይዘው፣
ከእህል ተራ መጥተው፣ አቧራ አዝለው።
«ከጎረቤቴ ዘር በዚችው ስበደር፣
ሲደርስልኝ ስከፍል፣ እንዲሁ ስንኖር፣
ካባቴ የወረስኩት ይኸ የእህል ብድር፣
ምኑ ነው አገሩን የሚጎዳ ነገር?
በሬዲዮ ሰማሁ፤ ‹በሙሉ ድምፅ› አሉ።
ቁና በስንዴ ነው እኔ የማውቀው ሙሉ፤
ድምፅ በምን ይሞላል? ሰፋሪውስ ማን ነው?
እርስዎ ቢጎድሉበት፣ ያኔም ሙሉ ነው?»

አዳራሹ ሣቀ። መምህር አልሣቁም።
«ጥሩ ጥያቄ ነው።» ከዚያ በላይ የለም።
ከጎኔ ጎንበስ አለ ከፓርቲው የመጣው፣
ጣቱን መስመሩ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው፤
«እህት፣ አሳጥሪው፤ ቁና ምን ያደርጋል፣
‹ማብራሪያ ተሰጠ› ቢባል ይበቃል።»

ማታ፣ ከሻይ ቤቱ፣ መብራት እንደጠፋ፣
ሻማው ከሳሕኑ ላይ ቀልጦ እየሰፋ፣
መምህር ነገሩኝ፣ ቀስ ብለው፣ በዝግታ፣
ደብተር እንደሚያርም የደከመ ጌታ።

«ረቂቁ ሲመጣ አልቆ ነው የመጣ፤
ነጠላ ሰረዝ እንኳ ከቦታው ላይወጣ።
ዘር አስመጪዎቹ ቢሾፍቱ ወሰዱን፣
በሐይቁ ዳር ሆቴል ሦስት ቀን አሳደሩን፤
ቦርሳና ብእር፣ ውሎ አበል ፈርመን፣
ዓሣ እየበላን ‹ግንዛቤ› ጨበጥን።
አበዳሪው ደግሞ ሁለት ሰዎች ላከ፤
‹ምክር ነው› ቢሉንም ብድሩን ታከከ።
ዋዜማውን ማታ ተጠሪው ሰብስቦን፣
‹ክርክር እዚህ ነው፤ ነገ ግን አንድ ነን›
አለ። ተከራከርን። ለሃያ ደቂቃ።
ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስት የወሰደው አለቃ።

ጽፌ ነበር እኮ።» ከደረት ኪሳቸው
ሁለት ቅጠል ወጣ፣ በእጅ ጽሑፋቸው፤
ያ የጅሩ ፊደል፣ ቀጥ ያለ አንገቱ፣
በኩርኩም ያስያዙኝ እሳቸው በብርቱ።
የጓንጉል ጥያቄ ቃል በቃል ነበረ፣
ጓንጉል ሳይጠይቁ ተጽፎ ያደረ።

«ሦስት ደቂቃዬን ለሌላ ሰጡብኝ፤
‹እጅ ይውጣ› ሲባል ግን ማንም አልረሳኝ።
ግራና ቀኝ አየሁ፤ ሁሉም እንደኔ አየ፤
እጅ እጅን ሲፈራ፣ እጅ ሁሉ ታየ።
ያዢው፣ አስቀምጪው። እውነት ለመናገር፣
ጉቦስ አልበላሁም፤ ቦርሳዋ፣ ብእር...»

«ብእር» ሲሉኝ ጊዜ ጣቴን ተመለከትኩ፤
ጠዋት በር ላይ ታድሎ፣ እኔም ደርሶኝ ጻፍኩ፤
አረንጓዴ ቀለም፣ የስንዴ ዛላ ሥዕል፣
የማኅበሩ ስም ዙሪያውን እንደ ሐብል።

ሰኞ አያ ጓንጉል ከቢሮዬ መጡ፤
ቁናቸውን ይዘው፣ ደጁ ላይ ተቀመጡ።
«ያልኩትን አንብቢው፣ በጆሮዬ ልስማው።»
ገጹን ፈለግሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እንዲህ ነበር ያለው፦
«አንድ ተሳታፊ አስተያየት ሰጡ፤
ማብራሪያ ተሰጠ።» ዝም አሉ፣ ሳይቆጡ።
«ሌላስ?»
          «ሌላ የለም።»
                    «ስሜስ?»
                              «ስምም የለም።»
ቆዩ። ቀና አላልኩም።
ቁናዋን ገልብጠው መታ መታ አረጓት፤
አቧራ ወጣላት፤ ከብብታቸው ከተቷት፤
ወጡ።

ሁለቱ ቅጠሎች መሳቢያዬ ናቸው።
ፋይል ልክፈት አልኩ፤ ምን ብዬ ልጥራቸው?